ስለ አባ ሙሴ ጸሊም

ከጌታችን ከኢየሱስ ክርስቶስ ልደት በኋላ በ4ኛው መቶ ዓመት በግብፅ አገር ሙሴ የሚባል አንድ ጕልበታም ሰው ነበረ። ይህ ሙሴ እስራኤልን ባሕር ያሻገረው ነቢዩ ሙሴ አይደለም። መልኩ ጥቁር ስለ ነበረ ሙሴ ጸሊም ተባለ፤ ጸሊም ማለት በግዕዝ ጥቁር ማለት ነው። የግሪክ ጸሐፊዎች ኢትዮጵያዊ ብለው ይጠሩታል፤ በዚያ ዘመን ግሪኮች ኢትዮጵያ የሚሉት ከግብፅ በስተ ደቡብ ያለውን የጥቁር ሕዝብ አገር ሁሉ፣ ኖባንም ጭምር ነበረ።

ታሪኩን አስቀድሞ የጻፈው ጳላድዮስ የሚባል ሰው ነው። ጳላድዮስ በግብፅ በረሓ ከመነኮሳት ጋራ ብዙ ዓመት ኖሮአል፤ መጽሐፉንም የጻፈው በፈረንጅ አቈጣጠር በ420 ዓ.ም. ገደማ፣ ሙሴ ከሞተ ብዙ ሳይቈይ ነው። የቀረውን ደግሞ መነኮሳት ካባት ለልጅ ሲነጋገሩት ቈይቶ በመጽሐፍ ተጻፈ። በኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያንም በየዓመቱ ሰኔ 24 ቀን ስንክሳር ሲነበብ ስሙ ይነሣል።

ሙሴ በጐልማሳነቱ የአንድ ሹም አሽከር ነበረ። ነገር ግን ይሰርቅና ይደባደብ ስለ ነበረ ጌታው ክፋቱን መታገሥ ቢያቅተው ከቤቱ አባረረው። ከዚያ ወዲያ ወደ ዱር ገባ፤ ሌሎች ወንበዴዎችንም ሰብስቦ አለቃቸው ሆነ። መንገደኛ ይዘርፋል፤ መንደር ያስጨንቃል፤ ነፍስም እንደ ገደለ ይነገራል።

አንድ ሌሊት ሙሴ ሊዘርፍ ሲሄድ የአንድ እረኛ ውሾች ጮኹበትና አሳቡ ሳይፈጸም ቀረ። ስለዚህ በእረኛው ላይ ቂም ያዘ፤ ሊገድለውም ፈለገ። እረኛው ከዓባይ ወንዝ ማዶ መንጋውን እንዳሰማራ ሰማ። ጊዜው ዓባይ የሚሞላበት ወራት ነበረ፤ የወንዙም ስፋት ከአንድ ኪሎ ሜትር ይበልጥ ነበር። ሙሴ ግን ልብሱን በራሱ ላይ ጠምጥሞ፣ ሰይፉን በጥርሱ ነክሶ ወደ ውኃው ገባና ዋኝቶ ተሻገረ። እረኛው አስቀድሞ አይቶት ኖሮ አሸዋ ቈፍሮ በውስጡ ተሸሸገ። ሙሴ ሰውየውን ቢያጣው ከመንጋው 4 የሰቡ አውራ በጎች መርጦ አረደ፤ በገመድም አስሮ እየጐተተ ያንኑ ወንዝ ዋኝቶ ተመለሰ። ከሥጋው ጥሩ ጥሩውን በላ፤ ቆዳውን በወይን ጠጅ ለወጠ፤ ወደ 10 ሊትር የሚሆነውንም ጠጅ ጠጣ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ጓደኞቹ ወዳሉበት ስፍራ 75 ኪሎ ሜትር ያህል በእግሩ ሄደ። ከሱሉልታ ተነሥቶ፣ የእንጦጦን ተራራ ተሻግሮ፣ አዲስ አበባን አቋርጦ ሰበታ የገባ ሰው ደክሞት ቁጭ ይላል፤ የሙሴ መንገድ ግን ከዚህ ይረዝም ነበር።

ጳላድዮስ እንዲህ ያለውን ክፉ ሥራ ሳይሸሽግ የጻፈው የሰውየውን ንስሓ ታላቅነት ለማስረዳት መሆኑን ራሱ ይናገራል። መልካም አደረገ። አንዳንድ ተራኪዎች ቅዱሳንን ከእናታቸው ማሕፀን ጀምሮ ክፉ ነገር እንዳልነካቸው አድርገው ይናገራሉ፤ እንዲህ ያለውን ታሪክ የሚሰማ ልጅም ራሱን ከእነርሱ እጅግ አርቆ ያያል። የሙሴ ታሪክ ግን ከሌባ ይጀምራል። ልጆች ሆይ፣ የዚህን ሌባ ጕልበትና የተሻገረውን ወንዝ በልባችሁ ያዙ፤ ወደ ፊት ለሚነገረው ነገር ያስፈልጋችኋል።

ስንክሳር እንደሚናገረው ሙሴ በዚያን ጊዜ ፀሐይን ያመልክ ነበር። ነገር ግን ልቡ ዕረፍት አጣ። ወደ ፀሐይ አንጋጦ አምላክ ከሆነች ትገልጥለት ዘንድ ይለምናት፣ እርሱ የማያውቀውም አምላክ ካለ ራሱን ያሳየው ዘንድ ይማጠን ነበር። በመጨረሻም በአስቄጥስ በረሓ የሚኖሩ መነኮሳት እውነተኛውን አምላክ እንደሚያውቁ ሰማ። ጊዜ አላጠፋም፤ ሰይፉን እንደ ታጠቀ ተነሥቶ ሄደ።

አስቄጥስ ከዓባይ ወንዝ በስተ ምዕራብ፣ ከእስክንድርያ ወደ ካይሮ በሚወስደው መንገድ አጠገብ የሚገኝ ጨው የበዛበት ደረቅ ሸለቆ ነው፤ ዛሬ ዋዲ ናትሩን ይባላል። አባ መቃርስ በፈረንጅ አቈጣጠር በ330 ዓ.ም. ገደማ በዚያ መኖር ጀመረ፤ ጥቂት ዘመን ሲቈይ ግን ብዙዎች ተከትለውት በረሓው የመነኮሳት አገር ሆነ። እያንዳንዱ በየበአቱ ተቀምጦ የዘንባባ ቅጠል እየታታ ቅርጫትና ገመድ ይሠራል፤ የሠራውንም ሸጦ ዳቦ ይገዛል፤ ቅዳሜና እሑድ ሁሉም በቤተ ክርስቲያን ይሰበሰባሉ። የቤተ ክርስቲያኑ ቄስ አባ ኤስድሮስ ነበረ። ይህ አባት በትዕግሥቱ የታወቀ ነበር፤ ሌሎች መነኮሳት ቍጡ ወይም ተሳዳቢ ደቀ መዝሙር አስቸግሮአቸው ሊያባርሩት ሲሉ እርሱ ወደ ራሱ ወስዶ ያሳድረው፣ በትዕግሥትም ያቀናው ነበር።

አባ ኤስድሮስ ሰይፍ የታጠቀ ረጅም ጥቁር ሰው ወደ እርሱ ሲመጣ ባየ ጊዜ ፈራ። ሙሴ ግን ሊዘርፍ ሳይሆን እግዚአብሔርን ሊያውቅ እንደ መጣ ነገረው። ኤስድሮስም ወደ አባ መቃርስ ወሰደው፤ መቃርስም ሃይማኖትን አስተምሮ አጠመቀው። ሙሴ በአባቶች ፊት ኀጢአቱን ሲናዘዝ አንድ መልአክ በጽሕፈት የጠቈረ ሰሌዳ ይዞ እንደ ታየ፣ ሙሴ አንዱን በደል በተናገረ ቍጥር መልአኩ አንዱን እንደ ደመሰሰ፣ ኑዛዜው ባለቀ ጊዜም ሰሌዳው ነጭ ሆኖ እንደ ተገኘ ይተረካል።

ይህ በሆነ ጊዜ ሙሴ ገና አንድ ቀን አልጾመም ነበር፤ አንድ ሌሊትም በጸሎት አልቆመም ነበር። በእጁ የያዘው ሰይፉን ብቻ ነው። ሌባው መጣ፤ አመነ፤ ተናዘዘ፤ ሰሌዳው ተጠረገ።

ከመነኰሰ በኋላ አራት ወንበዴዎች ማን መሆኑን ሳያውቁ በሌሊት በበአቱ ገብተው ወደቁበት። የመረጡት ሰው መጥፎ ሆነባቸው። ሙሴ አራቱንም ይዞ አሰራቸው፤ የሱሉልታ ገበሬ ድርቆሽ አስሮ በጫንቃው እንደሚሸከም ተሸከማቸውና ወደ ቤተ ክርስቲያን አመጣቸው። በመነኮሳቱም ፊት አውርዶ፣ እርሱ ከእንግዲህ ወዲህ በማንም ሰው ላይ ክፉ ማድረግ የማይገባው ስለ ሆነ ምን ሊያደርጋቸው እንደሚገባ ጠየቀ። ወንበዴዎቹ ይህ ሰው ያ የታወቀው የሽፍቶች አለቃ ሙሴ መሆኑን ባወቁ ጊዜ ደነገጡ፤ እንዲህ ያለውን ሰው የለወጠ እግዚአብሔር እነርሱንም እንደማይጥላቸው አስበው ዓለምን ትተው መነኰሱ።

እጅን መግታት አንድ ነገር ነው፤ ልብን መግታት ግን ሌላ ነው። ሙሴ ቀን ሲጸልይ ውሎ ሌሊት ሲተኛ የቀድሞ ኑሮው በሕልሙ ይመጣበት፣ ክፉ ምኞትም እንደ እሳት ያቃጥለው ጀመር። ፈተናው ከመክበዱ የተነሣ ምንኵስናውን ትቶ ወደ ዓለም ሊመለስ ጥቂት ቀረው። ስለዚህ ወደ አባ ኤስድሮስ ሄዶ መከራውን ነገረው። ኤስድሮስም እንዳያዝን አጽናናው፤ ይህ የጀማሪ ሁሉ ፈተና መሆኑን በውሻ ምሳሌ አስረዳው። በሰበታ ገበያ እንደሚታየው፣ ከሥጋ ቤት ደጃፍ አጥንት መልቀም የለመደ ውሻ ቢያባርሩት ይመለሳል፤ ሥጋ ቤቱ ከተዘጋና የሚጥልለት ሰው ከጠፋ ግን ቈይቶ በራሱ ጊዜ ይተወዋል። የሙሴም ልብ ለክፉ ምኞት ለብዙ ዘመን ሥጋ ሲጥል የኖረ ቤት ነበረ።

ይህ ምክር የትዕግሥት ምክር ነው። ሙሴ ግን ትዕግሥትን አያውቅም፤ ጕልበትን ያውቃል። ወደ በአቱ ተመልሶ ሰውነቱን ይዋጋ ጀመር። በቀን ከ330 ግራም የማይበልጥ ደረቅ ዳቦ ብቻ ይበላል፤ ብዙ ሥራ ይሠራል፤ በየቀኑም 50 ጸሎት ያደርሳል። ሰውነቱ ከሳ፤ ሕልሙ ግን አልቀረም።

ወደ ሌላ አባት ሄዶ ጠየቀ። ያም አባት በሌሊት ትጋት እንዲጨምር መከረው። ሙሴም ሌሊቱን ሁሉ እንዳይተኛ፣ ጕልበቱንም እንዳያጥፍ ለራሱ ቃል ገባ። በበአቱ መካከል ቆሞ ዐይኑን ሳይከድን እየጸለየ ያነጋ ነበር። ይህን ያደረገው ለአንድ ሳምንት ወይም ለአንድ ሁዳዴ አይደለም፤ 6 ዓመት ሙሉ ነው። አንድ ሌሊት እስኪነጋ ለመቆም የሞከረ ሰው ይህ ምን ያህል እንደ ሆነ ይገምታል። ስድስቱ ዓመት አለቀ፤ ሙሴም ከጀመረበት ስፍራ ፈቀቅ አላለም።

በዚህ የትግል ዘመን አንድ ቀን ፈተናው እጅግ ስለ በረታበት በአቱን ጥሎ ወደ አባ ኤስድሮስ መጣ። ኤስድሮስ ወደ በአቱ እንዲመለስ ቢነግረው እንደማይችል መለሰለት። ኤስድሮስም ወደ ቤቱ ጣራ አወጣውና አስቀድሞ ወደ ምዕራብ እንዲመለከት ነገረው፤ በዚያም የሚዋጉ አጋንንት ብዛት ታየው። ቀጥሎ ወደ ምሥራቅ አስመለከተው፤ በዚያም ቍጥር የሌላቸው ቅዱሳን መላእክት በክብር ቆመው ታዩት። ኤስድሮስም እግዚአብሔር ለቅዱሳኑ ርዳታ የሚልካቸው እነዚህ መሆናቸውን፣ ከሚቃወሙአቸውም የሚረዱአቸው እንደሚበልጡ ገለጠለት። ነገሩን ልብ አድርጋችሁ ተመልከቱ፤ ሽማግሌው ሙሴን ጣራ ላይ ያወጣው ክንዱን እንዲያይ አይደለም፤ ከእርሱ ውጭ ያለውን ርዳታ እንዲያይ ነው። ሙሴ ግን ያየውን ገና በሙሉ አልተረዳውም።

ስለዚህ ሌላ ትግል ጀመረ። ሌሊት ሌሊት እየወጣ ወደ ሽማግሌዎቹ መነኮሳት በአት ይሄዳል፤ ሳያውቁበትም የውኃ ማድጋቸውን ወስዶ ሞልቶ ይመልሳል። ውኃው ቅርብ አልነበረም፤ ከአንዱ በአት 3 ኪሎ ሜትር፣ ከሌላው እስከ 7 ኪሎ ሜትር ይርቅ ነበር። በቡራዩ ወይም በሌላ ስፍራ ከምንጭ ውኃ ቀድቶ የሚያውቅ ሰው የሞላ እንስራ በመንገድ ላይ እንዴት እንደሚከብድ ይነግራችኋል። ሥራው ያለ ጥርጥር መልካም ሥራ ነበረ፤ ሽማግሌዎቹም ተጠቀሙ። ነገር ግን ሙሴ ይህን መልካም ሥራ እንደ ጦር መሣሪያ አድርጎ ይዞት ነበር፤ በእርሱ ጠላቱን ሊጥል፣ በእርሱም ሰላምን ሊገዛ።

አንድ ሌሊት ከጕድጓዱ ውኃ ሊቀዳ ባጐነበሰ ጊዜ ርኩስ መንፈስ በዱላ ወገቡን እንደ መታው ጳላድዮስ ጽፎአል። ያ ዓባይን ዋኝቶ የተሻገረ፣ አራት ሰው የተሸከመ ሙሴ እንደ ሞተ ሰው ሆኖ በጕድጓዱ አፍ ተጋድሞ አደረ። በማግሥቱ ውኃ ሊቀዳ የመጣ ሰው አግኝቶት ለአባ ኤስድሮስ ነገረው። ኤስድሮስም ሰዎች ይዞ ሄዶ አነሣውና ወደ ቤተ ክርስቲያን አመጣው። ሙሴ 1 ዓመት ሙሉ ታመመ፤ ከዚያም በኋላ በጭንቅ ተነሣ።

አባ ኤስድሮስም በመጨረሻ መከረው። ከአጋንንት ጋራ ትግል መግጠሙን እንዲተው፣ ለተጋድሎም ቢሆን ልክ እንዳለው አስጠነቀቀው። ሙሴ ግን ያ ክፉ ሕልም እስኪተወው ድረስ ትግሉን እንደማይተው መለሰ። ከ6 ዓመት ትጋትና ከ1 ዓመት ሕማም በኋላ እንኳ በክንዱ ይታመን ነበር።

በዚያን ጊዜ አባ ኤስድሮስ ሌላ ጾም አላዘዘለትም፤ ሌላ ስግደትም አልጨመረለትም። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ሕልሙ እንደ ተወው ነገረው፤ ሳይፈራም ወደ ቅዱስ ቍርባን እንዲቀርብ አዘዘው። ይህን ያህል ዘመን ፈተናው ሳይርቅለት የኖረውም ምኞቱን በራሱ ተጋድሎ አሸነፍሁ ብሎ እንዳይመካ፣ ለገዛ ጥቅሙ መሆኑን ገለጠለት። ሙሴ ወደ በአቱ ተመለሰ። ከ2 ወር ያህል በኋላ ኤስድሮስ ቢጠይቀው ከዚያ ቀን ጀምሮ ምንም እንዳላስጨነቀው ተናገረ። ከዚያ ወዲያ አጋንንትን ከዝንብ ይልቅ የማይፈራ ሰው ሆነ።

በ6 ዓመት ያልተገኘው በአንድ ቃል ተገኘ። ቃሉ የኤስድሮስ ጕልበት አልነበረም፤ የሙሴም አልነበረም፤ የክርስቶስ ስም ነው። ሙሴ ጽድቅን እንደ ዓባይ ወንዝ አድርጎ ይመለከት ነበር፤ ክንዱ የበረታ የሚሻገረው፣ ክንዱ የደከመ የሚቀርበት ነገር ይመስለው ነበር። ሰሌዳው የተጠረገው በእምነትና በንስሓ መሆኑን ረስቶ፣ በነጻ የተሰጠውን በላቡ ሊከፍል ተነሣ። ቅዱስ ጳውሎስ ለገላትያ ሰዎች የጻፈላቸው ስለዚሁ ነገር ነበረ፤ እነርሱ በእምነት ከጀመሩ በኋላ በሕግ ሥራ ሊፈጽሙ አስበው ነበርና። ጳውሎስ ራሱም በፈሪሳዊነቱ ዘመን ሊቈጥረው የሚችል ብዙ ነገር ነበረው፤ ወገኑ፣ ግዝረቱ፣ ቅንዓቱ፣ ሕግን መጠበቁ። ክርስቶስን ባወቀ ጊዜ ግን ይህን ሁሉ እንደ ኪሳራ እንደ ቈጠረው ለፊልጵስዩስ ሰዎች በላከው መልእክት ይነበባል።

ይህ ነገር ለመነኮሳት ብቻ አይደለም። ዳዊት የሚደግም ልጅ በደገመው መዝሙር ብዛት፣ ጾመኛው በጾመው ቀን ብዛት፣ የሚስዮን ቤት ተማሪም በቃሉ በያዘው ምዕራፍ ብዛት ራሱን ሲመዝንና ባልንጀራውን ሲያቃልል ይገኛል። ሚዛኑ የተለያየ ይመስላል እንጂ አንድ ነው። ይህን ማለት ግን ጾምንና ጸሎትን መናቅ አይደለም። ሙሴ ሰላም ካገኘ በኋላ መጾሙንና መጸለዩን አልተወም፤ ነገር ግን እንደ ባለ ዕዳ መሆኑ ቀርቶ ዕዳው እንደ ተሰረዘለት ሰው ያደርገው ጀመር። ልዩነቱም በሌሎች ላይ በነበረው ጠባይ ታየ።

አንድ ጊዜ በአስቄጥስ አንድ ወንድም በደለ፤ መነኮሳትም ሊፈርዱበት ተሰበሰቡ። ሙሴን ቢጠሩት አልመጣም። ሁሉም እየጠበቁት መሆኑን ቄሱ መልክተኛ ልኮ በነገረው ጊዜ ተነሣ፤ የሚያፈስ አሮጌ ማድጋ ወስዶም ውኃ ሞላበትና በጀርባው ተሸክሞ ሄደ። ሊቀበሉት የወጡት መነኮሳት ውኃው በኋላው በመንገድ ላይ ሲፈስ አይተው የነገሩን ምክንያት ጠየቁት። እርሱም የገዛ ኀጢአቱ እንዲሁ በኋላው እየፈሰሰ ሳያየው፣ ዛሬ በሌላ ሰው ኀጢአት ላይ ሊፈርድ መምጣቱን ነገራቸው። እነርሱም ይህን ሰምተው በወንድማቸው ላይ ምንም አልተናገሩም፤ ይቅር አሉት። የውኃ ማድጋው ቀድሞ ሙሴ ጽድቁን ሊያተርፍበት በሌሊት የተሸከመው ዕቃ ነበረ፤ አሁን ግን አንድ በደለኛ አዳነበት።

ሌላ ጊዜ በአስቄጥስ የአንድ ሳምንት ጾም ታወጀ። በዚያው ሳምንት ከግብፅ መንደሮች እንግዶች ወደ ሙሴ መጡ፤ እርሱም ጥቂት ወጥ ሠራላቸው። ጐረቤቶቹ ጢስ ሲወጣ አይተው ሙሴ ትእዛዙን እንዳፈረሰ ለካህናት ከሰሱት። ካህናቱ ግን የሙሴን ኑሮ ያውቁ ነበርና ቅዳሜ በጉባኤ ፊት፣ የሰውን ትእዛዝ አፍርሶ የእግዚአብሔርን ትእዛዝ እንደ ጠበቀ መሰከሩለት። በ50 ጸሎቱ ዘመን ቢሆን ኖሮ ሙሴ ለእንግዳ ብሎ እሳት ያነድድ ነበርን? ምናልባት ጾሙን አስቀርቶ ከሚቈጥረው ላይ እንዳይጐድልበት ይፈራ ነበር።

ዝናው ሲሰማ አንድ መኰንን ሊያየው መጣ። ሙሴ ሸሽቶ ሲሄድ በመንገድ ተገናኙ፤ መኰንኑም ሳያውቀው የሙሴ በአት የት እንደ ሆነ ጠየቀው። እርሱም ሙሴ ሞኝ ሰው ስለ ሆነ ከእርሱ የሚፈልጉት ነገር እንደሌለ ነግሮት አለፈ። መኰንኑ ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ያገኘው ረጅም፣ ጥቁር፣ ያረጀ ልብስ የለበሰ ሽማግሌ መሆኑን በተናገረ ጊዜ ያ ራሱ አባ ሙሴ መሆኑን ካህናት አስረዱት።

ከጊዜ በኋላ ሙሴ ተክህኖ ተቀበለ። ነጭ ልብስ ባለበሱት ጊዜ ሊቀ ጳጳሱ ሙሴ አሁን ሁለንተናው ነጭ እንደ ሆነ ተናገረ፤ ሙሴ ግን ነጭነቱ በውጭ ብቻ እንደ ሆነ ወይስ በውስጥም እንደ ሆነ ጠየቀ። ሊቀ ጳጳሱ ትሕትናውን ሊፈትን ፈልጎ ወደ መቅደስ ሲገባ ካህናቱ እንዲያባርሩት አዘዘ። እነርሱም በጥቁረቱ እየሰደቡ አስወጡት። ሰውን በመልኩ መስደብ ለፈተናም ቢሆን ክፉ ነገር ነው፤ ይህ ነውር በሰዳቢዎቹ ላይ ይቀራል። ሙሴ ግን ለእነርሱ የቍጣ ቃል አልመለሰም፤ ራሱን ብቻ እየወቀሰ ወጣ። ቀድሞ አንድ የውሻ ጩኸት ለነፍስ መግደል ያስነሣው የነበረ ሰው ይህ ነው።

በፈረንጅ አቈጣጠር በ407 ዓ.ም. ገደማ የበረሓ ዘላኖች በአስቄጥስ ላይ መጡ። ሙሴ በዚያን ጊዜ 75 ዓመት ሆኖት ነበር። ከወንድሞች ጋራ ተቀምጦ ሳለ አረመኔዎቹ በዚያ ቀን እንደሚደርሱ ነግሮ እንዲሸሹ መከራቸው። እርሱ ለምን እንደማይሸሽ በጠየቁት ጊዜ፣ ሰይፍ ስለሚያነሡ ሰዎች ጌታ የተናገረው ቃል በእርሱ ይፈጸም ዘንድ ይህን ቀን ብዙ ዓመት ሲጠብቅ እንደ ኖረ ነገራቸው። በወጣትነቱ የያዘውን ሰይፍ አልረሳም ነበር። ይህን ያህል ዘመን ስለ መነኰሰ ከሌሎች ይልቅ መትረፍ እንደሚገባው አልቈጠረም፤ ሞትንም አልፈራም። ወንድሞቹ እነርሱም እንደማይሸሹ ቢነግሩት እያንዳንዱ ለራሱ እንዲያስብ ተዋቸው እንጂ በግድ አላስቀራቸውም።

በዚያ የነበሩት 7 ነበሩ። አረመኔዎቹ ገብተው ገደሉአቸው። ከዚያ ያመለጠ አንድ ወንድም ከገመድ ክምር በስተ ኋላ ተሸሽጎ ሳለ 7 አክሊሎች ከሰማይ ሲወርዱ እንዳየ ይነገራል። ሙሴ ባረፈ ጊዜ 70 ደቀ መዛሙርት እንደ ነበሩት ጳላድዮስ ጽፎአል። ዐፅሙ እስከ ዛሬ በዋዲ ናትሩን፣ በበራሙስ ገዳም፣ በእመቤታችን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ይገኛል፤ የአባ ኤስድሮስም ዐፅም በዚያው ቤተ ክርስቲያን ነው።